ሁሉም አምስት ኮከብ ሲሆን፦ ለጋራ ፕሮምፕት የሚጠቅም አስተያየት እንዴት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ «በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር የምንጋራው የፕሮምፕት ስብስብ አለን፤ እንደ ቻትጂፒቲ ላለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የምንሰጠው የጽሑፍ ትእዛዝ ማለት ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ ለማሳጠር፣ የሥራ ማስታወቂያ ለማዘጋጀት እንጠቀምበታለን። የሞከረ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል፣ ከሥሩም አስተያየት ይጽፋል። ችግሩ ሁሉም ነገር አምስት ኮከብ ሆነ። አስተያየቱም ‹አሪፍ ነው›፣ ‹እናመሰግናለን› ብቻ ነው። አምስት ኮከብ ያለውን ወስጄ ስሞክረው ለእኔ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ምን ዓይነት አስተያየት ብንሰጣጥ ነው የሚጠቅመን?»

መልስ፦

መጀመሪያ በአጭሩ ልመልስ። ከኮከቡ በፊት ሙከራውን ይጻፉ። በምን ጉዳይ ሞከሩት? በየትኛው ሞዴል፣ ማለትም በየትኛው የሰው ሠራሽ አስተውሎት? ምን ወጣ? እርስዎስ ምን ቀየሩ? እነዚህ ካሉ ኮከቡ ባይኖርም ይቻላል። እነዚህ ከሌሉ ግን አምስት ኮከብም አንድ ኮከብም ለሚቀጥለው ሰው ምንም አይነግሩትም።

ምክንያቱ የፕሮምፕት ጠባይ ነው። ያለቀ ደብዳቤ አንብበን ጥሩ ነው ወይም ይቀረዋል ማለት እንችላለን፤ ደብዳቤው ያው ፊታችን ነው። ፕሮምፕት ግን ብቻውን ግማሽ ነገር ነው። ሌላውን ግማሽ የሚሞላው እርስዎ ከሥሩ የሚለጥፉት ጉዳይና መልሱን የሚሰጠው ሞዴል ነው። ባልደረባዎ ኮከብ የሰጠችው በእሷ ጉዳይ፣ በእሷ ሞዴል፣ በዚያ ቀን ለወጣላት መልስ ነው። እርስዎ ሲወስዱት ከሦስቱ አንዱ ተቀይሯል። ስለዚህ የእሷ አምስት ኮከብ ውሸት አይደለም፤ የእርስዎም ቅሬታ ልክ ነው። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ መረጃ ነው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ላማ 2 የተባለውን የሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) ሞዴል ፈትኖ ነበር። ተመራማሪዎቹ የጥያቄውን ሐሳብ አልነኩም። የነካኩት ቅርጹን ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ነጥብ፣ የፊደል አጣጣል። በዚህ ብቻ የትክክለኛ መልሱ መጠን እስከ 76 የመቶኛ ነጥብ ሲለያይ ታየ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2022፣ ጂፒቲ-3 ከተባለው፣ ከቻትጂፒቲ በፊት ከነበረው ወገን በሆነ ሞዴል ላይ «ደረጃ በደረጃ እናስብ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሲጨመር፣ በአንድ የሒሳብ ፈተና ላይ ትክክለኛው መልስ ከ17.7 በመቶ ወደ 78.7 በመቶ ዘሎ ነበር። ዛሬ ያሉት አስበው የሚመልሱ ሞዴሎች ግን ያንን ሳይነገራቸውም ያደርጉታል። ያኔ አምስት ኮከብ የሚገባው መስመር አሁን ጌጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቀንና የሞዴል ስም የሌለው ኮከብ ለዚህ ነው ቶሎ የሚያረጀው።

አሁን ከሥራዎ የማይርቅ ምሳሌ ልውሰድ። አንድ ባልደረባዎ ይህን ፕሮምፕት አስቀመጠ እንበል፦ «አንተ ልምድ ያለህ የሰው ሀብት ባለሙያ ነህ። ሠራተኛው ስንት ዓመት እንዳገለገለ እነግርሃለሁ። በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት የሚገባውን ዝቅተኛ የዓመት ፈቃድ አስላና አጭር የመልስ ደብዳቤ ጻፍ።» ሲያነቡት ምንም አይወጣለትም። አንዷ ባልደረባ በአምስት ዓመት አገልግሎት ሞከረችው። ሞዴሉ «18 የሥራ ቀን ነው» አላት። ልክ ነው። ደብዳቤውም ያማረ ነው። አምስት ኮከብ ሰጥታ «አሪፍ ነው» ብላ ሄደች።

እስቲ ስሌቱን እንየው። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። በእሱ የተሻረው አዋጅ ቁጥር 377/96 ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት 14 ቀን ይሰጥና ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት አንድ ቀን ይጨምር ነበር። አምስት ዓመት ላገለገለ ሰው በአዲሱ 16 እና 2፣ 18 ነው። በድሮው 14 እና 4፣ እሱም 18 ነው። ሁለቱ ሕጎች እዚያ ላይ ይገናኛሉ።

ነገሩ ገባዎት? ሞዴሉ በተሻረው ሕግ ቢያሰላ እንኳ የእሷ ሙከራ ሊይዘው አይችልም። በ11 ዓመት ብትሞክረው ኖሮ በአዲሱ 21፣ በድሮው 24 ይመጣ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ነው የሚለያዩት። በአንድ ዓመት ብትሞክረው 16 እና 14 ነው፤ ሠራተኛው ሁለት ቀን ሊቀርበት ነው። የድሮው አዋጅ 15 ዓመት ያህል ሲሠራበት ኖሯል፤ ስለ እሱ የተጻፈው ጽሑፍም ዛሬ ድረስ ኢንተርኔት ላይ አለ። ሞዴል ሁለቱን ቢያምታታ የሚገርም አይደለም። የሚያሳስበው ደብዳቤው በሁለቱም መንገድ ያማረ ሆኖ መውጣቱ ነው። ያማረ ደብዳቤ ደግሞ ኮከብ ያሰጣል።

ለዚህ ፕሮምፕት የሚጠቅመው አስተያየት እንዲህ ያለ ነው፦

«ለ11 ዓመት አገልግሎት በቻትጂፒቲ ሞከርኩት። 24 ቀን ነው አለኝ። በአዋጅ 1156/2011 መሆን ያለበት 21 ነው፤ 24 የሚመጣው በድሮው 377/96 ስሌት ነው። ከዚያ ስለ ዓመት ፈቃድ የሚናገረውን የአዋጁን አንቀጽ 77 ፕሮምፕቱ ውስጥ ለጥፌ ‹ከዚህ ውጭ ሌላ ሕግ አትጠቀም፣ ስሌቱን አሳየኝ› የሚል ጨመርኩበት። በአዲስ ቻት ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ሦስቱንም 21 መጣ። የደብዳቤው አጻጻፍ ጥሩ ነው፤ አልነካሁትም።»

አምስት ስድስት አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ግን የሚቀጥለው ሰው ምን እንደሚፈትሽ ያውቃል። የፕሮምፕቱ ባለቤትም ምን እንደሚያስተካክል ያውቃል። ኮከቡ ሦስት ቢሆን አራት ቢሆን ከዚህ በኋላ ለውጥ የለውም።

«አይሠራም» የሚለው አስተያየት ከ«አሪፍ ነው» እኩል ባዶ እንደሆነም ልብ ይበሉ። ምኑ ነው ያልሠራው? ስሌቱ? አማርኛው? ርዝመቱ? አንዳንዴ ጥፋቱ የፕሮምፕቱ ጭራሽ አይደለም። ሰውየው የአገልግሎት ዘመኑን ሳይሰጠው ቀርቶ ይሆናል። ወይም ፕሮምፕቱ በአንድ ሞዴል ተፈትኖ እሱ በሌላ፣ ነፃና አነስ ባለ ሞዴል ሞክሮት ይሆናል። ስለዚህ አስተያየት ከመጻፍዎ በፊት ጥፋቱ የት እንዳለ ለመለየት ይሞክሩ። መንገዱ ቀላል ነው። ያንኑ ፕሮምፕት፣ ያንኑ ጉዳይ፣ በሌላ ሞዴል ያስኪዱት። ሌላኛው ላይ ከሠራ ነገሩ የሞዴል ነው፤ «በቻትጂፒቲ ሠራ፣ በጉግሉ ጀሚናይ አልሠራም» ብለው ይጻፉ። በሁለቱም ከተበላሸ ግብዓቱን ቀይረው ይዩት። ግብዓቱ ሲስተካከል ከሠራ፣ የሚያስፈልገው አስተያየት «ፕሮምፕቱ ምን ምን መስጠት እንዳለብን ከላይ ይንገረን» የሚል ነው። ሁሉንም ቀያይረው ካልሆነ ያኔ ፕሮምፕቱን ይውቀሱ።

ሙከራው ራሱ ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁልጊዜ አዲስ ቻት ይክፈቱ። ቀድሞ የተነጋገሩበት ቻት ላይ ከሞከሩት ሞዴሉ የፊተኛውን ወሬ ይዞ ነው የሚመልሰው፤ ሌላው ሰው ያ ወሬ የለውም። አንዴ ሞክረውም አይፍረዱ። እነዚህ ሞዴሎች ቃላትን ሲመርጡ በመጠኑ ዕጣ ይገባበታል፤ ያው ጥያቄ ሲደገም መልሱ ሊለያይ ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙትና አንዴ ልክ አንዴ ስህተት ከመጣ ይህንኑ ይጻፉ። «ከሦስቱ አንዱን ተሳሳተ» የሚለው አስተያየት ትልቅ ነገር ነው፤ አንዴ ብቻ ሞክሮ አምስት ኮከብ ከሰጠ ሰው የበለጠ ያስተምራል።

የሚሞክሩበትን ጉዳይም ይምረጡ። ሁላችንም የሚቀናን ቀላሉን፣ የተለመደውን መውሰድ ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ፕሮምፕት ያልፋል። እኔ የምመክርዎ ከተለመደው ጉዳይ ሌላ ሁለት እንዲጨምሩ ነው። አንዱ ጠርዝ ላይ ያለ ጉዳይ ነው፤ ከላይ እንዳየነው የ11 ዓመቱ ወይም የአንድ ዓመቱ ሠራተኛ። ሌላው የጎደለ ጉዳይ ነው፤ የአገልግሎት ዘመኑን ሳይነግሩት ይጠይቁት። ጥሩ ፕሮምፕት ሞዴሉን «ስንት ዓመት አገለገለ?» ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ደካማ ፕሮምፕት ከራሱ ቁጥር ፈጥሮ እንዲሞላ ይተወዋል። በእኔ እምነት የቢሮ ፕሮምፕቶች ዋናው ፈተና ይህ ነው። ስሌት የተሳሳተ ደብዳቤ የሚያውቅ ሰው እጅ ከገባ ይያዛል። ከአየር ላይ የተፈጠረ ቀን፣ የተፈጠረ የደብዳቤ ቁጥር፣ የተፈጠረ አንቀጽ ግን ተፈርሞበት፣ ማኅተም አርፎበት ሊወጣ ይችላል።

ማሻሻያ ሲሰጡ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ብዙ ሰው የባልደረባውን ፕሮምፕት ወስዶ ከላይ እስከ ታች ይጽፈውና «ይሄ ይሻላል» ብሎ ይለጥፋል። ይሻል ይሆናል። ግን የትኛው መስመር እንዳሻሻለው ራሱም አያውቅም። አንድ መስመር ጨምረው ልዩነቱን ያዩ ሰው ግን ሌሎች ፕሮምፕቶችም ላይ የሚሠራ ነገር ሰጡን። መቀነስም ማሻሻያ ነው። «አንተ በዓለም አንደኛ ባለሙያ ነህ» የሚለውን አጥፍተው ያስኪዱት። መልሱ ካልተቀየረ አስተያየትዎ «የመጀመሪያው መስመር ባይኖርም ያው ነው» ይሁን። የተጋሩ ፕሮምፕቶች ከሰው ሰው በተሻገሩ ቁጥር እየወፈሩ ነው የሚሄዱት፤ የሚቀንስላቸው ሰው ያስፈልጋል። ርዝመት ያለ ዋጋ አይመጣም። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት በጊዜው የነበሩት ሞዴሎች ረጅም ጽሑፍ ሲሰጣቸው መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ያለውን መረጃ በደንብ ሲጠቀሙበት መሐል ላይ ያለውን እንደሚዘነጉት አሳይቷል። ቃለ ጉባኤ ማሳጠሪያ ፕሮምፕታችሁ መሐሉ ላይ ያለውን መመሪያ የማይጠብቅ ከመሰለዎ፣ መመሪያውን ከቃለ ጉባኤው በታች አውርደው ይሞክሩትና የሆነውን ይጻፉ።

ስለ ኮከቡ እንነጋገር። ለምን ሁሉም አምስት ይሰጣል? ዋናው ነገር ይሉኝታ ይመስለኛል። ፕሮምፕቱን ያስቀመጠው ሰው ጎንዎ የተቀመጠ ነው። ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ። ደክሞ ሠርቶ ላካፈለ ሰው ሦስት ኮከብ መስጠት ፊት መንሳት ይመስላል። ስለዚህ አምስቱ ምስጋና እንጂ ግምገማ አይደለም። ምስጋና መልካም ነው፣ አይቅር። ግን ከግምገማው ይለይ። ባለ አምስት ኮከብ መመዘኛ ሌላም ቦታ ይህ ችግር አለበት። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2009 አብዛኛው ሰው የሚሰጠው አምስት ኮከብ ብቻ መሆኑን ራሱ ተናግሮ በቀጣዩ ዓመት ኮከቡን በ«ወደድኩት» እና «አልወደድኩትም» ቀየረው። የመጀመሪያው ሰው አስተያየትም የኋለኞቹን ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ አንድ ሙከራ ላይ ተመራማሪዎች ለአንዳንድ አስተያየቶች ገና ሲለጠፉ እንዲያው በዘፈቀደ አንድ የድጋፍ ድምፅ ሰጧቸው። እነዚያ አስተያየቶች በመጨረሻ ያገኙት ነጥብ በአማካይ 25 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የተጨመረው! ስለዚህ ከተቻለ ሌላው የሰጠውን ኮከብ ሳያዩ ሞክረው ይፍረዱ።

ኮከቡን መተው ካልቻላችሁ ትርጉም ስጡት። እኔ ብሆን ሰው ስሜቱን ከሚጠየቅ ይልቅ ያደረገውን እንዲናገር እጠይቀዋለሁ። «እንዳለ ተጠቀምኩበት»፣ «ትንሽ አስተካክዬ ተጠቀምኩበት»፣ «ትቼው ራሴ ጻፍኩት»። እነዚህን ሦስቱን ለመመለስ ይሉኝታ አይይዝም። «ራሴ ጻፍኩት» ማለት ባለቤቱን መንቀፍ አይደለም፤ የሆነውን መናገር ነው። ስንት ሰው እንደሞከረውም ከጎኑ ይታይ። አንድ ሰው አምስት የሰጠውና ሃያ ሰው በአማካይ አራት ተኩል የሰጡት እኩል አይደሉም፤ እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው።

«ደስ አለኝ» እና «ልክ ነው» የሚሉትንም ለዩ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2025 የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ጂፒቲ-4ኦ የተባለውን ሞዴሉን ማሻሻያ ለቅቆ በቀናት ውስጥ መልሶ ለማንሳት ተገድዶ ነበር። ሞዴሉ ሰውን ከልክ በላይ የሚያሞግስና ሁሉን የሚያጸድቅ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው በኋላ ሲያስረዳ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ከተጠቃሚዎች የሚመጣውን የአውራ ጣት ምልክት እንደ ተጨማሪ መለኪያ መጠቀሙ ሊሆን እንደሚችል፣ እንዲህ ያለው አስተያየት አንዳንዴ ወደሚስማማ መልስ እንደሚያዘነብል ገልጿል። በእናንተ ስብስብ ውስጥም ያው ነው። የሚያሞካሽ፣ ረጅም፣ ነጥብ በነጥብ የተደረደረ መልስ ደስ ይላል። አዋጁን ከፍቶ ያመሳከረ ሰው ብቻ ነው ልክ መሆኑን የሚያውቀው። ስላላመሳከሩት ነገር «ስሌቱን አላረጋገጥኩም፣ አጻጻፉን ብቻ ነው ያየሁት» ብሎ መጻፍ ሐቀኝነት ነው፣ በጣምም ይጠቅማል።

በአማርኛ ለሚሠሩ ፕሮምፕቶች የሚታዩ ነገሮች አሉ። አንዱ አክብሮት ነው። ሞዴሉ ደብዳቤውን በ«እርስዎ» ጀምሮ መሐል ላይ «አንተ» ይላል፣ ወይም ለሴት ሠራተኛ በወንድ ይጽፋል። ሌላው ቀን ነው። የእኛና የአውሮፓው ዘመን አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል፤ ሞዴሉ መስከረም ብሎ ዓመቱን በፈረንጆች ሊጽፈው ይችላል። ሰዓትም እንዲሁ፤ ስብሰባው ጠዋት 3 ሰዓት ነው ሲሉት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ስም ደግሞ አለ፤ ወይዘሮ ብሎ የአባቷን ስም ብቻ ያስከትላል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ጉዳዩ፦» እና «ግልባጭ» አለው፤ ሞዴሉ የእንግሊዝኛውን ቅርጽ ተርጉሞ ሊያመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥምዎ «አማርኛው ደካማ ነው» ብለው አይለፉት። የተበላሸችዋን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ይቅዱና ከሥሯ እርስዎ የሚጽፉትን ያስቀምጡ። ይህ ለባለቤቱ ማረሚያ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እንደ ምሳሌ ፕሮምፕቱ ውስጥ ሊያስገባቸው ይችላል። ምሳሌ ያየ ሞዴል «በአክብሮት ጻፍ» ከተባለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሠራል።

ከባለቤቱም የሚጠበቅ አለ። ፕሮምፕት ሲያስቀምጥ የሞከረበትን አንድ ግብዓትና የወጣለትን መልስ አብሮ ያስቀምጥ። የሞዴሉን ስምና ቀኑን ይጻፍ። ያለዚህ የምትሰጡት አስተያየት ሁሉ በግምት ነው።

አስተያየቱ ላይ መልስ መስጠትም የእሱ ድርሻ ነው። ያንን የ11 ዓመት ሠራተኛ ጉዳይ የጻፈለት ሰው፣ በሳምንቱ ፕሮምፕቱ ሳይስተካከል ካየው ሁለተኛ አይጽፍም። ባለቤቱ «አንቀጽ 77ን አስገብቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ከሥሩ ቢመልስ ሌሎቹም ይጽፋሉ። ይሉኝታውን የሚያላላው ይህ ነው፤ ሰው አስተያየቱ እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ እገዛ መቆጠሩን በዓይኑ ካየ ይደፍራል።

አንድ ማሳሰቢያ፣ በተለይ በእናንተ ክፍል። እንደ ማስረጃ መልሱን ስትለጥፉ ወይም ስክሪንሹት ስታነሱ የእውነተኛ ሠራተኛ ስም፣ ደመወዝ፣ የሕመም ፈቃድ ምክንያት አብሮ እንዳይወጣ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ባይወጣም የሰው ምስጢር ነው። ለሙከራ ብቻ የሚሆኑ ሦስት የፈጠራ ሠራተኞች አዘጋጁ፤ አንዱ አንድ ዓመት፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ 11 ዓመት ያገለገለ። አንዷ ሴት ትሁን፣ የአንዱ የቅጥር ቀን ይጉደል። ከፕሮምፕቶቹ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጡ። ሁላችሁም በእነሱ ስትሞክሩ አስተያየታችሁ ሊነጻጸር ይችላል። ሞዴሉ ሲቀየር ወይም ሕጉ ሲሻሻልም እነዚያኑ መልሳችሁ ታስኬዳላችሁ። ስብስቡን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትጀምሩት። በሳምንት ውስጥ ብዙ ሰው የሚነካቸውን ሦስት አራት ፕሮምፕቶች ምረጡ፣ የድሮውን ኮከብ አጥፉ፣ በእነሱ ላይ ጀምሩ።